የቅጠሉ ጀርባ

እንዴት ናችሁ? ድምፄን ታገሱኝ፣ ጉንፋን ጥሎኝ ነው የሰነበተው። የዛሬውን ወሬ ያመጣውም እሱው ነው።

የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ነው። ጃፓን ካለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን እዚሁ አካባቢ ነን። ይህን ስም በጃፓን ፊደል ስንት ዓመት በየፎርሙ ስሞላ፣ የመጀመሪያው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ለካ ኩዙ ነው። ሐረጉ! አራካዋ ወንዝ ዳር አጥሩንም የመብራት እንጨቱንም እየተጠመጠመ የሚወጣው፣ እኔ አረም ነው ብዬ የማልፈው።

የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ 80 ያለፉ እናት። ስስል በግድግዳው ሰምተው ኖሮ አንድ ማታ አንኳኩ። በእጃቸው የጠመኔ ስብርባሪ የሚመስል ነገር ይዘዋል። በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡት፣ ከዚያ የፈላ ውሃ እየጨመሩ ሲያማስሉት ያ ወተት የመሰለው ነገር ድንገት ወፈረና ጠራ። ስኳርና ዝንጅብል ጣል አደረጉበት። ኩዙዩ ይባላል፣ ከዚያው ከሐረጉ ሥር ዱቄት የሚሠራ። እኔ ግን አንዴ እንደቀመስኩት "ይሄማ የቡላ አጥሚት ነው!" አልኩ፣ በአማርኛ።

አሠራሩም ከቡላ ብዙ አይርቅም። ናራ ውስጥ ዮሺኖ በሚባለው አገር ሥሩን በብርዱ ወራት ይቆፍሩታል፣ ይወቅጡታል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡታል፣ ሲዘቅጥ ውሃውን ደፍተው እንደገና ያጥቡታል፣ እስኪነጣ ድረስ። ከዚያ ሁሉ ሥር የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ውድ ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ የስኳር ድንች ዱቄት ይቀላቀልበታል፣ እንዳትሸወዱ። ካኮንቶ የሚባለው የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ዋናው ይኸው ሥር ነው፣ በየፋርማሲው አለ።

እኔን የያዘኝ ግን ቅጠሉ ነው። ፊቱ አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ነፋስ ሲመጣ ይገለበጣል። የድሮ ገጣሚዎች በዚህ ተጫውተውበታል፤ "ኡራሚ" ሲሉ ጀርባውን ማየት ነው፣ ቅያሜም ነው። ሰምና ወርቅ እንጂ ሌላ ምን ልበለው?

አንድ ተረት አለ። ያሱና የሚባል ሰው አንዲት ነጭ ቀበሮ ከአዳኞች ያስጥላል። ቀበሮዋ ሴት ሆና መጣች፣ ስሟ ኩዙኖሃ፣ የኩዙ ቅጠል ማለት ነው። ተጋቡ፣ ወለዱ። ማንነቷ ሲታወቅ የወረቀት በሩ ላይ ግጥም ጽፋ ሄደች፤ ከናፈቅከኝ ሺኖዳ ጫካ ና፣ የተቀየመችውን ቅጠል ታገኛለህ የሚል። በካቡኪ ቲያትር ይህ ሲሠራ እሷን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ልጁን ስለታቀፈ ብሩሹን በአፉ ይዞ ነው የሚጽፈው። ልጁ ደግሞ አቤ ኖ ሴይሜይ ነው ይላሉ፣ በእውነት የነበረ ሰው፣ እንደ ፈረንጅ በ1005 የሞተ የቤተ መንግሥት ኮከብ ቆጣሪ።

ትናንት ሻል ሲለኝ ወንዙ ዳር ወረድኩ። አብቧል፣ ጃፓኖች የመጸው 7 አበቦች ከሚሏቸው አንዱ ነው እኮ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ሽታውም ወይን ወይን የሚል። ለጎረቤቴ ልውሰድላቸው ብዬ ሐረጉን ብስበው፣ ባጣምመው፣ አልበጠስ አለኝ። ካኬጋዋ የሚባል ከተማ በክሩ ጨርቅ ይሸምኑበታል፣ በእጅ ሊበጠስ ኖሯል? መጨረሻ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ በጥርሴ ነከስኩት።