«ደህና ነኝ» ቢልም ውሰዱት፦ የነርቭ ሐኪሙ ለአድማጮች የሰጡት መልስ

ጥያቄ፦ ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሰት ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ጉዳት ምንም ባላጎደለን ነበር።

ጥያቄ፦ እናቴ ስትሮክ ካገኛት ወዲህ ሁለት ቃል አገናኝታ መናገር አቅቷታል፤ መዝሙር ሲከፈት ግን ግጥሙን ሳትስት ትዘምራለች። ሆነ ብላ ይሆን?

መልስ፦ በፍጹም፣ ልጄ። ይህን በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። አረፍተ ነገር መሥራትና የለመዱትን ዜማ ማውጣት በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችል፣ የሚባለውን ግን የሚረዳ ሕመምተኛ ገጠመው፤ ሲሞት የተጎዳው የአንጎሉ የግራ ጎን የፊት ክፍል ሆኖ ተገኘ። እናትሽም የምትሉትን ልትረዳ ትችላለች፤ እንደሌለች ቆጥራችሁ ፊቷ አታውሩ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋ ውሰጃት፤ ጠብቀን እንየው አትበሉ።

ጥያቄ፦ አባታችን ከትናንት ጀምሮ ከሳህናቸው በስተግራ ያለውን ምግብ ትተው ይነሳሉ። ግራ እጃቸውም ዝሏል። «ደህና ነኝ» ስላሉ እንዲያርፉ ትተናቸዋል።

መልስ፦ ስልኩን ዝጋና አሁኑኑ ሆስፒታል ይዘሃቸው ሂድ። ሌሎቻችሁ ስሙኝ። የቀኝ አንጎል ሲጎዳ፣ ዓይን ደህና ሆኖ ሳለ ግራው ጎን በሙሉ ከሰውየው ሐሳብ ሊወጣ ይችላል። ሰዓት ሣል ያልኩት አንድ ሕመምተኛ 12ቱንም ቁጥሮች በቀኝ በኩል አጭቆ፣ እርሳሱን አስቀመጠና «ጨረስኩ» አለኝ። የማይንቀሳቀሰውን እጁን አንሳ ስለው «አነሳሁት» አለ። አልዋሸም። ሕመምን ማወቅ ራሱ የአንጎል ሥራ ነው፤ ይህ ሥራ የተበላሸበት ሰው መታመሙን በምን ይወቅ? ስለዚህ ምስክሮቹ እናንተ ናችሁ፦ ፈገግ ይበል፣ ሁለት እጁን ያንሳ፣ አንድ አረፍተ ነገር ይናገር። አንዱ ከተዛባ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ጠብቀን እንየው አትበሉ! የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ትንሽ ይተኛ አትበሉ። ውሃ አታጠጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም አትስጡ፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ፣ ያለ ሲቲ ስካን ምርመራ እኔም አላውቅም። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም ሂዱ።

ጥያቄ፦ እህቴ ጭንቅላቷን ከተመታች ወዲህ አዲስ ነገር አይያዝላትም፤ ብስክሌት መንዳት ግን አልረሳችም። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ የእጅና የእግር ልማድ የትናንቱ ወሬ ከሚያዝበት ቦታ ውጭ ነው የሚያዘው። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ አዲስ ትዝታ ለመያዝ ከሚያስፈልገው የአንጎል ክፍል፣ ከሂፖካምፐሱ፣ ከሁለቱም ጎን ብዙው ወጣ። ከዚያ በኋላ እጁን በመስታወት እያየ መሣልን ቀን በቀን እያሻሻለ ተማረ፤ መለማመዱን ግን አያስታውስም ነበር። የእህትሽን በስልክ አልፈርድም። የነርቭ ሐኪም ይያት፣ በዚሁ ሳምንት።