እናትን የመጦር ወጪ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን የማወራችሁ አሜሪካ ውስጥ ወላጆቻችንን ስለ መጦር፣ በተለይም ስለ ገንዘቡ ነው። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሰዎች የሠርግና የተስካር ወጪን ቁጭ ብለን እንመክርበታለን፤ እናታችን ራሷን ችላ መታጠብና መልበስ ሲያቅታት ማን፣ በምን ገንዘብ እንደሚንከባከባት ግን ቀኑ እስኪደርስ ድረስ አናነሣም። ዝምታው ከፍቅርና ከአክብሮት የመጣ መሆኑ ይገባኛል። በአገራችን እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት የሚያነሡት ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በመሆኑ፣ መጦሪያ ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ልጆቹ የካዱት ሰው ነው።

ሆኖም ቤተሰብን በድንገት የሚያስደነግጠው፣ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሽምግልና ዘመንን እንክብካቤ በሙሉ ይከፍላል የሚለው እምነት ነው። በመደበኛው ሜዲኬር፣ ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ የወጣና በነርሲንግ ሆም (ነርሶች ሌት ተቀን በሚንከባከቡበት መጦሪያ ቤት) የባለሙያ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት በሙሉ ይከፈሉለታል፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ራሱም በየዕለቱ ድርሻውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ያበቃል። የሚያጥባትና የሚያለብሳት ሰው ብቻ ለሚያስፈልጋት እናት ደግሞ ይህ ሽፋን ከመነሻውም አይደርሳትም። የመድን ድርጅቱ ጄንዎርዝና የእርሱ ኬርስካውት ባወጡት የ2024 የዋጋ ጥናት መሠረት፣ የአሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ተዕለት ኑሮ እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት) መካከለኛ የዓመት ዋጋ 70,800 ዶላር፣ የነርሲንግ ሆም የብቻ ክፍል ደግሞ 127,750 ዶላር ነበር። ይህን ከደመወዙ ቀንሶ የሚከፍል ቤተሰብ ጥቂት ነው።

የረጅም ጊዜውን እንክብካቤ የሚከፍለው ሜዲኬይድ የሚባለው ሌላው የመንግሥት የጤና እርዳታ ነው፤ እርሱም ገቢውና ጥሪቱ ላነሰ ሰው ነው። በብዙ ስቴቶች አንዲት ብቸኛ አረጋዊት በእጇ ሊኖራት የሚፈቀደው ተቀማጭ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው። በአገር ቤት ወላጅ በቁሙ ንብረቱን ለልጁ በስጦታ ማዛወሩ የተለመደ ቢሆንም፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች ለነርሲንግ ሆም የሜዲኬይድ ማመልከቻ ሲገባ ያለፉት 5 ዓመታት ስጦታዎች ይመረመራሉ፤ ስጦታ ከተገኘም እርዳታው ለተወሰነ ጊዜ ሊዘገይ ይችላል። በልጆቻቸው ዋስትና ግሪን ካርድ ይዘው የመጡ ወላጆችም በአብዛኛው ለሜዲኬይድ 5 ዓመት ይጠብቃሉ። 65 ዓመት የሞላቸውና 5 ዓመት ሳያቋርጡ የኖሩ ሜዲኬርን መግዛት ይችላሉ፤ ነገር ግን እነርሱም ሆኑ የትዳር አጋራቸው እዚህ በቂ ዓመት ካልሠሩ፣ የሆስፒታል ወጪን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል ብቻ በ2025 በወር እስከ 518 ዶላር ያስከፍላቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይታየው ወጪ ነው። ወንድሞች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ሲልኩ፣ እናቷን የያዘችው እኅት የሥራ ሰዓቷን ትቀንሳለች ወይም ጨርሶ ትተዋለች፤ ዛሬ ያጣችው ደመወዝ ነገ የራሷን የጡረታ አበል ይቀንሳል። እናቷን በነፃ እያስታመመች ነው ማለት ለእኔ ትክክል አይደለም፤ ዋጋውን ብቻዋን እየከፈለች ነው። በብዙ ስቴቶች ያሉ የሜዲኬይድ የቤት እንክብካቤ መርሐ ግብሮች ለቤተሰብ አባል ክፍያ ይሰጣሉ። ወላጅ ከራሱ ገንዘብ ለልጁ የሚከፍል ከሆነም፣ ክፍያው በኋላ እንደ ስጦታ እንዳይቆጠር ሥራውንና ዋጋውን የሚዘረዝር ውል አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈረም። እናት ልጇን ደመወዝተኛ ማድረግ ነውር መስሎ ሊታያት ይችላል፤ እኔ ግን ውሉ እኅትንም ወንድሞችንም ከቅሬታ ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ እናታችሁ በሙሉ ጤንነት ሳለች የት መኖር እንደምትፈልግ፣ ውክልናዋን ለማን እንደምትሰጥ፣ ምን ገንዘብና ንብረት እንዳላት አብራችሁ ተነጋገሩ፤ የምትናገረውንም እርሷ ፊት ጻፉት። በየስቴቱ ስለ ሜዲኬር በነፃ የሚያማክር የመንግሥት አገልግሎት አለ፤ ስትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ንብረት ከማዛወራችሁ በፊት ደግሞ የአረጋውያንን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ አማክሩ።