ማይክሮፋይበር የሚበላሸው እጥበት ላይ ነው

ለ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ከአዳማ ነን። ርዕሳችን መወልወያ ነው፤ በማይክሮፋይበር የጽዳት ወጪን እንዴት እንቀንሳለን?

ሀ፦ መወልወያው ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ ስለ በረኪና እናውራ፤ የብዙ ሰው ብር የሚፈሰው እዚያ ነው።

ለ፦ ገና ከመጀመራችን?

ሀ፦ አዎ! የማይክሮፋይበር ጨርቅ በጣም ከቀጠነ የፕላስቲክ ክር ነው የሚሠራው፤ ፕላስቲኩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 80 በመቶው ፖሊስተር፣ 20 በመቶው ናይለን። ክሩ ፋብሪካ ውስጥ ይሰነጠቃል። አቧራውንና ቅባቱን የሚይዘው ያ ስንጥቅ ነው። በረኪና ደግሞ ናይለኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጨርቁ ሳይቀደድ መያዙን ያቆማል፤ ባለቤቱም «ይሄማ ጥራት የለውም» ብሎ ይጥልና ሌላ ይገዛል።

ለ፦ ግን እህቴ፣ ያለ በረኪና ይጸዳል?

ሀ፦ እንዴታ! ለብ ባለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ እሸው፣ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቀው። የልብስ ማለስለሻ ግን በፍጹም! ክሩን ይሸፍነውና ውሃ መምጠጥ ያቅተዋል። ከፎጣና ከጥጥ ልብስ ጋርም አይታጠብ፤ የጥጡ ብናኝ ስንጥቁ ውስጥ ይሰካል። የፈላ ውሃም ካውያም አይነካው።

ለ፦ ማድረቁ መቼም ለአዳማ ፀሐይ ቀላል ነው።

ሀ፦ ነፋሱስ? የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ እኮ ነው! በበጋ እርጥብ ጨርቅ ደጅ ገመድ ላይ ከዋለ አቧራ ጠጥቶ ይገባል። ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ስቀለው። ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋሉም ናይለኑን ያደክመዋል።

ለ፦ ሽንት ቤት ግን ያለ በረኪና አይታሰብም።

ሀ፦ ለሱ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ መድብለት። በረኪናውን ከአሲድ ጋር ብቻ እንዳታደባልቀው፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ለ፦ ስለዚህ በረኪና ቦታ አለው ማለት ነው።

ሀ፦ ማይክሮፋይበር ላይ የለውም!

ለ፦ ለወለልም ትንሽ ጠብ ቢደረግ…

ሀ፦ በዚህ አልስማማም፣ እንለፈው።

ለ፦ እሺ፣ ስንገዛስ? ገበያው ላይ ሁሉም ማይክሮፋይበር ይባላል።

ሀ፦ ደረቅ መዳፍህ ላይ ቀስ ብለህ ጎትተው፤ ሻካራውን ቆዳ ያዝ ያዝ ካደረገ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ሴራሚክ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግና ጨርቁን ወደ ውሃው ግፋው። ከመጠጠ ክሩ ተሰንጥቋል። ውሃውን እየገፋ ከሄደ አልተሰነጠቀም፤ ቢረክስም ተወው።

ለ፦ መወልወያውስ? ሰዓታችን አለቀ እኮ።

ሀ፦ ጠፍጣፋውን፣ ጨርቁ በቬልክሮ፣ ማለትም ተለጥፎ በሚላቀቀው ሻካራ ማያያዣ፣ የሚለጠፈውን ግዛ፤ ትርፍ ጨርቅ ለብቻው የሚሸጥለት መሆኑን አረጋግጥ። እዚህ አዳማ መጀመሪያ በደረቁ ነው። አቧራውን ሳታነሳ ካረጠብከው ጭቃ ሆኖ የሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሌላ ጨርቅ አርጥበህ፣ እስከማያንጠባጥብ ጨምቀህ፣ ከጥግ ወደ በሩ እያፈገፈግህ ወልውል። ለ5 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

ለ፦ አንድ ማንኪያ? ሰው እኮ ዝም ብሎ ነው የሚያንቆረቁረው!

ሀ፦ ለዚያ ነው ወለሉ የሚያጣብቀው፤ የቀረው ሳሙና በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል። የቆሸሸውንም ጨርቅ ባልዲው ውስጥ መልሰህ አትንከረው። ለአንድ ክፍል አንድ ጨርቅ፤ ውሃው ንጹሕ እንደሆነ ስለሚቆይ ደጋግመህ አትቀይረውም።

ለ፦ የእጁ ጨርቅስ?

ሀ፦ ሁለቴ እጠፈው፣ ስምንት ንጹሕ ገጽ ታገኛለህ። አንዱ ሲቆሽሽ ወደሌላው ገልብጥ። የኩሽናውንና የመስታወቱን በቀለም ለያቸው፤ ዘይት የነካው ጨርቅ መስታወቱን ያዥጎረጉረዋል።

ለ፦ ቢጫው ለኩሽና፣ ሰማያዊው ለመስታወት።

ሀ፦ ሲታጠቡም በአንድ ሳፋ አትዘፍዝፋቸው።