ምስክር የሌለው አርበኛ
(ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ላይ በተከበረው የድል መታሰቢያ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ መምህራን፣ አስጎብኚዎች፣ እንኳን ጎንደር ከጣሊያን እጅ ለወጣችበት ለኅዳር 18 አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የስለላ ታሪክ በጎንደር» የሚል ነው። የድሮውን ቶሎ ቶሎ አልፌ ወደ መጣሁበት ጉዳይ እገባለሁ።

ስለላ ሲነሳ እኛ ጎንደሬዎች አፍ ላይ የሚቀድመው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1762 የካቲት ላይ መጣ፣ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን አከመ፣ የግዮንን ምንጭ አይቶ ሄደ። «ሰላይ ነበር፣ አልነበረም» እያልን ስንት ዘመን ተከራከርን! ጉዳዩ ስለላ ከሆነ ከእሱ 70 ዓመት ቀድሞ የመጣው ፖንሴ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም በ1690 ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ በስናር በኩል ሲነሣ፣ አገልጋዬ ዮሴፍ ነው ብሎ ያስከተለው ሰው ደ ብሬቭዳን የሚባል ኢየሱሳዊ፣ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ቄስ ነበር። ኢየሱሳውያንን አፄ ፋሲል ካባረሯቸው ወዲህ በገዛ ስማቸው የሚያስገባቸው በር አልነበረማ። ቄሱ ጎንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ፤ ሐኪሙ ግን ደረሰ። የሐኪም መድኃኒት የማይከፍተው በር እንደሌለ ያን ጊዜም ያውቁት ነበር።

ይኼ ሁሉ ግን ጨዋታ ነው። ከተማችን በእውነት የተሰለለችው በጣሊያን ቆንስላ ነው።

ቆንስላ የዜጎቹን ጉዳይና ንግዱን የሚከታተል ቤት ነው። ከ1928 በፊት ጎንደር ውስጥ ስንት የጣሊያን ዜጋ ነበር? በጣት የሚቆጠር። ታዲያ ያ ቤት ምን ይሠራ ነበር? ማን ከማን እንደተቃረነ፣ የትኛው መኳንንት በሸዋ ሹመት እንደከፋው፣ ማን ዕዳ እንዳለበት ይመዘግብ ነበር። የተመዘገበው አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ የቀድሞው የኤርትራ ገዥ ጋስፓሪኒ ትግራይን፣ በጌምድርንና ጎጃምን በገንዘብና በተስፋ የመከፋፈሉን ሥራ ይመራ ነበር። በጥቅምት 1927 ቆንስላው ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ነገሩ በይቅርታና በካሣ ተዘጋ። በማግስቱ ወር የጦርነቱ ሰበብ የሆነው የወልወል ግጭት ተነሣ።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሰላይ ክፍያ በኪስ የሚያዝ ይመስለዋል። ጣሊያን በ1927 መጨረሻ ገደማ የማርያ ቴሬዛን ብር ሮም ላይ ራሱ ማተም ጀመረ። አንዱ ብር 28 ግራም ይመዝናል። አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ነው፤ ሦስት ሺህ ከሆነ የአንዲት በቅሎ ጭነት ሞልቷል። ዓመተ ምሕረቱ ሁልጊዜ በፈረንጅ 1780 ስለሆነ አዲሱ ከአሮጌው በጽሑፍ አይለይም። በመልኩ ግን ይለያል! ገበያችን በብሩ ላይ ያለችውን ንግሥት ዘውድና የደረት ጌጧን ነጠብጣብ አንድ ባንድ አይቶ ብር የሚቀበል ገበያ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ትናንት ከማተሚያ የወጣ የሚያብረቀርቅ ብር የዘረገፈ ሰው ማን እንደከፈለው ሳይናገር ይታወቅበታል።

በገንዘብ የሚገዛ ስለላ ሌላም ችግር ነበረበት። ክፍያው የሚመጣው ወሬ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ወሬ ባይኖርም ወሬ ይፈጠራል። ደጃዝማች አያሌው ብሩን ለመሳብ ጣሊያን ያልሞከረው የለም። በታኅሣሥ 1928 ግን ደምበጉና ላይ የጣሊያን ታንክ ሲማረክ ከራስ እምሩ ጋር ተሰልፈው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ መከፋፈሉ ጨርሶ ሳይሠራ አልቀረም፤ የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ የመኪና ሠራዊት መጋቢት 23 ቀን 1928 ጎንደር ሲገባ ይኼ ነው የሚባል ውጊያ አልጠበቀውም።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ።

ጣሊያን ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለላው ተገለበጠ። ሰላዩ የእኛ ሰው ሆነ፤ የውስጥ አርበኛ። በመኮንኖቹ ማድ ቤት የምታበስለው፣ ልብስ የምታጥበው፣ እንጨት የሚያቀርበው፣ ጠላና ጠጅ የምትሸጠው፣ አስተርጓሚው፣ ጸሐፊው። ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ ያወጡ የነበሩት እነዚህ ናቸው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መኪና በሰዓታት የሚጨርሰውን መንገድ እግረኛ መልእክተኛ ከቀን በላይ ይፈጅበታል። «ዛሬ ጠዋት አዘዞ በኩል መኪና አለፈ» የሚል ወሬ አርማጭሆ ጫካ ላሉት አርበኞች ሲደርስ በድን ነው። የሚጠቅመው ገና ያልሆነው ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ያለችው «ለነገ እጥፍ ጋግሪ» ከተባለች ነገ የሚወጣ ጦር አለ ማለት ነው፤ ይኼ በአንድ ሌሊት ከተማውን ከለቀቀ ዋጋ አለው። ቆጠራም የራሱ መዘዝ አለው፤ ሲገባና ሲወጣ የታየ አንድ መኪና ሁለት ይሆናል። በቃል ከተላከ ሦስተኛው አፍ ላይ ቁጥሩ ያብጣል። በወረቀት ከተላከ ደግሞ የተያዘ ዕለት ላኪውንም ተቀባዩንም ያስሰቅላል። እነዚያ ሴቶች በየቀኑ ከሁለቱ አንዱን ይመርጡ ነበር!

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ነፃነቷን ስታከብር ጎንደር ገና በጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ይኼው ሥራ ቀጠለ። ከጣሊያን ምሽጎች ወልቀፊት በመስቀል ሰሞን ወደቀ፣ ኩልቋበር ኅዳር 12፣ ከተማችን ኅዳር 18 ቀን 1934። ከ20,000 በላይ ወታደር እጁን ሰጠ።

በየዓመቱ እዚህ ተሰብስበን ጠመንጃ እንቆጥራለን። የጫካውን አርበኛ አሞራው ውብነህን እናነሣለን፤ ይገባቸዋል። የእንግሊዙን ጄኔራል ፋውክስን እንኳ እናነሣለን። የውስጥ አርበኛ ግን በንግግር ማብቂያ ላይ «እንዲሁም» ተብላ በአንድ ቃል ትታለፋለች። ለምን? ምስክር አምጪ ስለምንላት ነው። የጫካ አርበኛ ከጎኑ ሆኖ የተኮሰው ጓደኛው ይመሰክርለታል። የውስጥ አርበኛ በወቅቱ የሚመሰክርላት ቢኖር ኖሮ ሥራዋ ተበላሽቶ ነበር! ምስጢር የጠበቀችበትን ብቃት ክብር መከልከያ ማድረግ ግፍ ነው። ባንዳው በጣሊያን መዝገብ ከነደመወዙ ስሙ ተጽፎ ተቀምጦለታል፤ እሷ የትም የለችም።

አስጎብኚዎች፣ ፒያሳ ላይ ሲኒማ ቤቱንና ፖስታ ቤቱን ስታሳዩ ስለ ጣሊያን ሥነ ሕንፃ አሥር ደቂቃ ታወራላችሁ። በዚያው በር ማን ምን ይዞ እንደወጣ አንድ ደቂቃ ጨምሩ።

መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ወደ አረጋውያን ስትልኩ «አያትዎ ጀግና ነበሩ?» ብለው እንዳይጠይቁ ንገሯቸው። «በማን ቤት ይሠሩ ነበር? ከቤት የሚወጡት በየትኛው ቀን ነው? ለማን ይነግሩ ነበር? ያ ሰው ደግሞ ለማን?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች አንድ ስም ከጠሩ ምስክር ተገኘ።

ቤታችሁ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። በንጹሕ ፖስታ አድርጋችሁ ከእርጥበት አርቁት፣ ፊትና ጀርባውን በስልክ አንሱት፣ የሰዎቹን ስም በሌላ ወረቀት ጻፉ። በራሱ በፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንዳትጽፉ።

አመሰግናለሁ።