«ስንት አልጋ ያዝሽ?» ብቻ አትበሉን

እንኳን ለነርሶች ቀን አደረሳችሁ! ግንቦት 4 የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበት ቀን ነው፣ በ1820 እ.ኤ.አ.። ኬኩ ስለተቆረጠ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ስለ ሥራ ጫና በተነሳ ቁጥር አስተዳደሩ የሚቆጥረው አልጋና ነርስ ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፣ አልክድም። ካሊፎርኒያ በሕግ ወስናዋለች፤ እዚያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከ2 ታካሚ በላይ አትይዝም።

ግን እኛ ጫና የምንለው ከዚህ ይሰፋል። ስምንት አልጋ ይዘሽ ሁሉ ነገር በእጅሽ ካለ ትወጪዋለሽ። አራት ይዘሽ ግን የኦክስጅን ሲሊንደር ፍለጋ ዋርድ ለዋርድ ከዞርሽ፣ መድኃኒት እየቀዳሽ «ሲስተር፣ ጉሉኮሱ አለቀ» ከተባልሽ፣ ፋርማሲ ያጣውን መድኃኒት ከውጭ ግዙ ስትያቸው ቤተሰቡ ንዴቱን ሁሉ አንቺ ላይ ከተወጣ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ ቻርት (የታካሚውን መዝገብ) ካልጻፍሽ እንዳልሠራሽ ከተቆጠረ፣ አራቱ አልጋ አርባ ይሆንብሻል። ወንዶቹማ ሌላ ጉድ አለባችሁ፤ «ዶክተር» ትባሉና ዶክተሩ ያልመለሰውን ጥያቄ ሁሉ ትመልሳላችሁ።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ሳልሠራው የወጣሁት ሥራ ነው። በራሱ መገላበጥ የማይችል ታካሚን በየ2 ሰዓቱ ካላገላበጡት ገላው ይቆስላል። ይህን የማያውቅ ነርስ የለም። ሌሊት ሁለት ብቻ ሆነን አንዱ ታካሚ ከጠናበት ግን መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄው ማገላበጥ ነው። ለአስታማሚ እንተወዋለን። ሪፖርት ላይ አይወጣም። ከቀናት በኋላ ቁስል ሆኖ ብቅ ሲል ግን «ነርሶቹ ምን ሲሠሩ ነበር?» ይባላል።

ስለዚህ የነርሶች ኃላፊያችን ሜትረን፣ ቅጥር አልጠይቅዎትም፤ በጀቱ በእጅዎ አይደለም። ተረኛ ለተረኛ የምንረካከብበት ቅጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጨመርልን፦ «ሳይሠራ የቀረው ምንድን ነው? ለምን?» የነርስ ስም አይጻፍበት። ከተጻፈበት እውነቱን የሚሞላ አይገኝም። ወር ሲያልቅ ይደመርና የሚቀጥለው ስኬጁል ሲወጣ ይታይ። ለሌሊት ሦስተኛ ሰው የቱ ዋርድ እንደሚያስፈልገው ያኔ መጯጯህ ሳያስፈልገን እናውቃለን።

የዘገየውን የዲዩቲ (የትርፍ ሰዓት) ክፍያ ደግሞ ከሻይ በኋላ እናንሳው፤ እዚህ ከጀመርኩት ዛሬ አላቆምም።