ፈረሱ ከተረጋጋ ዳነ ማለት ነው?

ከጎጃም ለደወሉ አድማጮች የእንስሳት ሐኪማችን የሰጡት መልስ

ከእንጅባራ፦ ፈረሴን ቁርጠት ይዞት ዛይላዚን የሚባል ማረጋጊያ መርፌ ተወጋና ተረጋጋ። ጎረቤቴ «ማደንዘዣ ብግነትም ያበርዳል» አለኝ። ዳነ ማለት ነው?

እንኳን ተሻለው! ግን እንዳይዘናጉ። መርፌው ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተጠማዘዘ አንጀት አይፈታም። አንጀት ሲጎዳ ከባክቴሪያ ቅርፊት የሚወጣው መርዝ፣ ኢንዶቶክሲን፣ ወደ ደም ይገባል። ፈረስ ደግሞ ይህን መርዝ አይችለውም። ከንፈሩን ገልበው ድዱን ይዩት። ጤነኛ ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ ክፉኛ ከቀላ ወይም ጥርሱ ሥር ጠቆር ያለ መስመር ከታየ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ይጥሩ። አርፎ የቆመ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከ60 ካለፈ ያስፈራል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የማደንዘዣ ሙያ ተማሪ፦ ታዲያ ጎረቤትየው ተሳስተዋል? ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ በአይጦች ላይ ብግነት እንደሚቀንስ ተምረናል።

አልተሳሳቱም እህቴ። ኢንዶቶክሲን ቲኤልአር4 የሚባለውን የሕዋስ ተቀባይ ሲነካ ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ ብግነት ቀስቃሾች ይለቀቃሉ፤ የደም ግፊትም ይወርዳል። መርዙ በተሰጣቸው አይጦች ላይ ኬታሚን፣ እንዲሁም ፕሮፖፎልና ዴክስሜዴቶሚዲን የሚባሉት ማደንዘዣና ማረጋጊያ መድኃኒቶች እነዚህን ቀስቃሾች ቀንሰዋል። የሚሞቱት አይጦች ያነሱበት ሙከራም አለ።

ግን ሰዓቱን ልብ በይ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ማደንዘዣው ከመርዙ በፊት ወይም ወዲያው ሲሰጥ ነው። የእኛ በሽተኛ ግን ሲታመም ውሎ አድሮ፣ መንገድ ደክሞት ነው የሚደርሰው። አይጥ ደግሞ መርዙን ትችላለች፦ ሰውን በኪሎ ክብደቱ ጥቂት ናኖግራም (የሚሊግራም ሚሊዮንኛ) ሲያንቀጠቅጠው፣ አይጥን ለመግደል ሚሊግራም ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሙከራው ውስጥ የገባው መርዙ ብቻ ነው፤ አይራባም። እውነተኛ ኢንፌክሽን ውስጥ ግን ባክቴሪያው በሕይወት አለ፣ ይራባል። እዚያ የሰውነትን መከላከያ ማብረድ ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ማደንዘዣ ስትመርጪ የደም ግፊቱንና አተነፋፈሱን አስቢ፤ ብግነቱን ያበርድልኛል ብለሽ አትምረጪ። ፀረ ባክቴሪያውና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በሰዓቱ ይግባ።

ከቢቸና፦ የላሜ ጡት አብጦ ወተቷ ውሃ ሆነ። የፈረሱን ዛይላዚን ብወጋትስ?

በፍጹም! ለከብት ከፈረሱ መጠን አንድ አሥረኛው ይበቃል። በፈረሱ ልክ ከወጓት ትወድቃለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ትንፋሿም ሊቆም ይችላል። ውሃ የመሰለ ወተት ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እሱም ያንኑ መርዝ ይረጫል። ጡቷን ደጋግመው ይለቡት፣ የታለበውን ይድፉት፣ ዛሬውኑ የእንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ።