በመዝገብ 19 ጨዋታ

እንደምን አመሻችሁ።

«ስለ አንድ በረኛ አውራልን» ስትሉኝ ደስ አለኝ። እኔም በልጅነቴ በረኛ ነበርኩ። ችሎታ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ። በሰፈር ኳስ ሁለቱ ድንጋይ መሀል የሚቆመው መሮጥ የማይችለው ልጅ ነው። እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁት፣ ጓንታችሁን ጭናችሁ ላይ ያደረጋችሁት፣ ወዳችሁ ነው የገባችሁበት። ስለዚህ የዛሬው ወሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

ሰውየው ፍራንክ ስዊፍት ይባላል። የማንችስተር ሲቲና የእንግሊዝ በረኛ ነበር። መዝገቡን ብትገልጡ ለእንግሊዝ 19 ጊዜ ተሰለፈ ይላል። ከመስከረም 1946 እስከ ግንቦት 1949፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በዚህ ቁጥር ሰውየውን ልታውቁት አትችሉም።

ስዊፍት በ1913 መጨረሻ ብላክፑል የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ገደማ ነው። እጁ ደግሞ ጉድ ነበር። ጣቶቹን ሲዘረጋ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ኳሷን በአንድ እጁ ከላይ ጨብጦ የተነሳው ፎቶ አለ። ብርቱካን የያዘ ነው የሚመስለው። በዚያ ዘመን በረኛ ኳስ ከያዘ እግሩ እንዳደረሰው ይጠልዛታል። እሱ ግን አይቶ ለጓደኛው ይወረውር ነበር።

በ20 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 1934፣ ሲቲ ከፖርትስማውዝ ጋር ለኤፍኤ ካፕ፣ ለእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ገባ። ከ93 ሺህ በላይ ተመልካች ነበር። ሜዳው እርጥብ ነው። ጓንት ላድርግ አላድርግ ብሎ አመነታ። የወዲያኛው በረኛ እንዳላደረገ አየና እሱም ተወው። ከዚያ ኳስ እጁን ነክታ ገባች። ጓንት ባደርግ ኖሮ እያለ ራሱን ሲበላ፣ በእረፍት ሰዓት አጥቂው ፍሬድ ቲልሰን ሁለት እንደሚያገባለት ነግሮ አጽናናው ይባላል። አገባም። 2 ለ 1።

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ከበሩ ጀርባ የተቀመጡት ፎቶ አንሺዎች ይቆጥሩለት ነበር። ፊሽካው ተነፋ። ኮፍያውንና ጓንቱን ከመረቡ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ እዚያው ራሱን ስቶ ተዘረረ። ቀና አድርገው ሜዳሊያ ወደሚሰጡት ንጉሥ ወሰዱት። በኋላም ንጉሡ፣ ጆርጅ 5ኛ፣ «ልጁ እንዴት ሆነ?» ብለው አስጠየቁ። በዚያ የሲቲ ቡድን ውስጥ ማት ባዝቢ የሚባል ስኮትላንዳዊም ነበር። ስሙን ያዙልኝ።

በ1937 ሲቲ ሊጉን በላ። በሁለት ዓመቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሊጉ ተቋረጠ፣ የተጀመሩት ጥቂት ጨዋታዎችም ከመዝገብ ተሰረዙ። ስዊፍት 25 ዓመቱ ነበር። ኦፊሴላዊ ጨዋታ ሲመለስ 32 ሞልቶታል። ለበረኛ ምርጡ ዕድሜ የትኛው ነው? አሰልጣኞቻችሁን ጠይቁ።

ኳሱ ግን ጨርሶ አልቆመም። ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ 30 ሽልንግ እየተከፈለው፣ ለተመደበበት የጦር ካምፕ ለቀረበው ክለብ በእንግድነት ይጫወታል። ስዊፍት መጀመሪያ ላይ በማንችስተር ረዳት ፖሊስ ሆኖ ትራፊክ እንዲያስተናብር ተደረገ። ያ ግዙፍ እጅ መሀል መንገድ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲል ይታያችሁ። ወዲያው መኪናው ሁሉ ተጠላለፈበት። የሚወራው እውነት ከሆነ ትቶት ሄደ።

ጥቅምት 1943 እንግሊዝ ስኮትላንድን 8 ለ 0 ደበደበች። ቶሚ ላውተን ብቻውን አራት አገባ። ሜዳው ሜይን ሮድ፣ የያኔው የሲቲ ሜዳ ነበር። በሩ ላይ የነበረው ስዊፍት። ይህ ጨዋታ ግን ከ19ኙ ውስጥ የለም። የጦርነት ጊዜ ጨዋታ አይቆጠርማ! እንዲህ ያለ የማይቆጠር ጨዋታ ለእንግሊዝ ከአሥር በላይ ተጫውቷል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከተቆጠሩት አንዱን ልንገራችሁ። ግንቦት 1948፣ ቱሪን፣ ከጣሊያን ጋር። ስዊፍት አምበል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው በረኛ ነው። ጣሊያኖቹ በመጀመሪያው አጋማሽ በሩን ደጋግመው አንኳኩ። አልከፈተም። 4 ለ 0 አለቀ። ከእነዚያ ጣሊያኖች ብዙዎቹ የቶሪኖ ክለብ ልጆች ነበሩ። በዓመቱ የክለቡ አውሮፕላን ሱፐርጋ ኮረብታ ላይ ተከስክሶ ቡድኑ አለቀ።

በዚያው በ1949 ስዊፍት ጓንቱን ሰቀለ። ሲቲ በእሱ ቦታ ያመጣው በርት ትራውትማንን ነው። ጀርመናዊ፣ የቀድሞ የጦር ምርኮኛ። ከተማው በቁጣ ሰልፍ ወጣ። በኋላ ግን ያው ከተማ ወደደው።

ስዊፍት ጋዜጠኛ ሆነ። የካቲት 1958 የማንችስተር ዩናይትድን ጨዋታ ሊዘግብ ከቡድኑ ጋር ቤልግሬድ ሄደ። የዩናይትድ አሰልጣኝ ያዙልኝ ያልኳችሁ ማት ባዝቢ ነበር። በ1934 አብረው ዋንጫ ያነሱት ሁለቱ፣ ሲመለሱ በአንድ አውሮፕላን ነበሩ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ ጀርመን ውስጥ ሙኒክ ላይ አረፈ። በረዶ ይጥል ነበር። ሁለቴ ለመነሳት ሞክሮ አልሆነለትም። በሦስተኛው ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ።

ባዝቢ ተረፈ። ስዊፍት ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። 44 ዓመቱ ነበር።

አመሰግናለሁ።